ዘዕፈራንና ሚዛን፦ ባዕድ ነገርን የመለየት ጥበብ ታሪክ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ለዚህ የመታሰቢያ መጽሔት አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ የመስጊዳችን ኮሚቴ ሲጠይቀኝ፣ ብዙዎቻችሁ ስለ መስጊዱ አሠራር ወይም ስለ ቀደምት ዑለሞቻችን እንደምጽፍ ትጠብቁ ይሆናል። ስለ እነርሱ ከእኔ በተሻለ የሚያውቁ አባቶች አሉ። እኔ የመረጥሁት የአንድን ቀይ ክር ታሪክ ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም ከገበያችን፣ ከማዕዳችንና ከአማናችን ጋር የተሳሰረ ስለሆነ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት እንድታነቡልኝ እለምናለሁ። «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እናቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ በሳጥኗ ጥግ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለች አንዲት ትንሽ ቆርቆሮ ነበረቻት። በውስጧ ያለውን «ዘዕፈራን ነው» ትለን ነበር። ከባሕር ማዶ ለሚመለስ ዘመድ ገንዘብ ሰጥታ ያስመጣችው ሲሆን የአንድ በግ ዋጋ ወጥቶበታል። ለዒድ ቀን በሦስት ጣቷ ቆንጥራ ከሩዙ ላይ ትነሰንሳለች፤ በሌላ ጊዜ ግን ማንም አይነካውም። እርሷ ወደ አኼራ ከሄደች በኋላ ቆርቆሮዋ በእኔ እጅ ገባች። አንድ ቀን ያነበብሁትን ልሞክር ብዬ ጥቂቱን በብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ጣል አደረግሁት።

እውነተኛው ዘዕፈራን ቀለሙን የሚለቀው ቀስ እያለ ነው። ውሃው ወርቃማ ቢጫ ይሆናል፤ ክሩ ግን ለረጅም ጊዜ ቀይ ሆኖ ይቆያል፤ ሲርስም ጫፉ እንደ ጥሩንባ አፍ ይከፈታል። በእኔ ብርጭቆ የሆነው ሌላ ነው። ውሃው ወዲያው ቢጫ ሆነ፤ «ክር» ያልሁትም ሲርስ ጫፏ ላይ አምስት ቀጫጭን ቅጠል ያላት የአበባ ቧንቧ ሆኖ ተዘረጋ። ይህችን አበባ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ። ሱፍ ናት! በገብሱ ማሳ ዳር ዳር የምንዘራው፣ ፍሬውን ወስደን አበባውን ለነፋስ የምንተወው ያው የእኛው ሱፍ። እናቴ በበግ ዋጋ የገዛችው በደጇ የሚረግፈውን ኖሯል።

ያ ዘመድ አታለላት አልልም፤ እርሱም የተታለለ ነው። ለእርሱ የሸጠለትም ምናልባት ሳያውቅ ከሌላ ገዝቶ ይሆናል። ማታለል ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አታላዩ ይጠፋል፤ ተጎጂው ግን አይጠፋም። እንግዲህ ይህ ጽሑፍ የሚያነሳው ጥያቄ ይኸው ነው፦ እውነተኛውን ከሐሰተኛው ለመለየት የሰው ልጅ ምን ምን ዘዴ አበጀ? ዘዴውስ ብቻውን ይበቃል?

1. ክሩ ምንድን ነው?

ዘዕፈራን የሚገኘው በመከር ወራት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ከምታብብ ሐምራዊ አበባ ነው። አበባዋ ጎህ ሲቀድ ትለቀማለች። በመካከሏ ሦስት ቀያይ ክሮች አሉ፤ እነዚህ በእጅ ተነቅለው ይደርቃሉ። አንድ ኪሎ ደረቅ ዘዕፈራን ለማግኘት ወደ 150 ሺህ ገደማ አበባ ይፈልጋል። ተክሉ ዘር ስለማያፈራ የሚባዛው እንደ ሽንኩርት ባለው ሥሩ ነው። ዛሬ ከዓለም ምርት አብዛኛው የሚገኘው ከኢራን፣ ይልቁንም ከኾራሳን ምድር ነው። ካሽሚርና ስፔንም የታወቁ ናቸው። ስፔኖች እስከ ዛሬ «አዛፍራን» የሚሉት ቃሉን ከዐረብኛ ስለወረሱት ነው።

በዚህ ላይ ሁለት የሀገራችንን ዕፅዋት ለይተን ማወቅ ይገባናል። አንደኛው ኢርድ ነው። ኢርድ ሥር እንጂ አበባ አይደለም፤ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በቴፒና በአካባቢው በብዛት ይለማል። ቀለሙ ቢጫ ስለሆነ ብቻ «ዘዕፈራን» የሚሉት አሉ። ሁለተኛው ሱፍ ነው። በ1927 ሀገራችንን የጎበኘው ሩስያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ኢትዮጵያን ከሱፍ መገኛ ማዕከላት መካከል ቆጥሯታል። በዓለም ገበያ የሱፍ አበባ ለብዙ መቶ ዓመታት የዘዕፈራን ምትክ ሆኖ ሲሸጥ ኖሯል። ይህን ያህል ሥራ የሚጠይቅና ውድ የሆነ ክር፣ ከሩቅ ሲያዩት የሚመስለው ርካሽ አበባ ካለ፣ ሁለቱን የሚቀላቅል እጅ አይጠፋም።

2. የማታለል ዕድሜ

ሐሰተኛ ዘዕፈራን የዛሬ ነገር አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በአንደኛው መቶ ዘመን የኖረው ግሪካዊው ሐኪም ዲዮስቆሪዲስ ስለ መድኃኒቶች በጻፈው መጽሐፍ፣ ነጋዴዎች ዘዕፈራኑን በተፈላ የወይን ጭማቂ እንደሚለውሱትና ክብደት እንዲጨምር የእርሳስ ማዕድን ዱቄት እንደሚጨምሩበት መዝግቧል። እርሳስ ስል መጻፊያውን ሳይሆን ከባዱን መርዛማ ብረት ማለቴ ነው። ይህን ነጥብ እባካችሁ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የዚያው ዘመን ሮማዊ ጸሐፊ ፕሊኒ ደግሞ እንደ ዘዕፈራን ባዕድ ነገር የሚቀላቀልበት ዕቃ እንደሌለ ካማረረ በኋላ መፈተኛውን አስፍሯል፦ እውነተኛው በእጅ ሲጨበጥ ይንኮሻኮሻል፤ የረጠበውና የተለወሰው ግን ድምፅ አይሰጥም። እነሆ የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች ጣት፣ ጆሮና አፍንጫ ነበሩ።

የዲዮስቆሪዲስ መጽሐፍ በ9ኛው መቶ ዘመን በባግዳድ ወደ ዐረብኛ ተመልሷል። የተረጎመው ኢስጢፋን ኢብን በሲል ሲሆን ያረመው ታላቁ ተርጓሚ ሑነይን ኢብን ኢስሐቅ ነው። በዚያው መቶ ዘመን የኖረው ፈላስፋ አል ኪንዲ ስለ ሽቶ አሠራር በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ሚስክንና ዘዕፈራንን አስመስሎ የመሥሪያ ቅመማዎች ይገኙበታል። ከዚህ የምንማረው ዕውቀት ራሱ ሁለት ስለት እንዳለው ነው። የሚመረምረውም የሚያስመስለውም አንድ ዓይነት መጽሐፍ ያነባሉ።

3. የመዲናው ክምርና ሙሕተሲቡ

ውድ አንባቢ ሆይ፣ ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ በኹጥባ ሰምተኸዋል። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና ገበያ ሲያልፉ በአንድ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገቡ። ጣቶቻቸው እርጥበት አገኙ። ባለቤቱን ሲጠይቁት ዝናብ እንደነካው ነገራቸው። እርሳቸውም ሰዎች እንዲያዩት ለምን የረጠበውን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልልም ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ አስታወቁ። ሐዲሱ በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ በአፍ ከማውገዝ በፊት እጅ ወደ ክምሩ ገብቷል። የላዩን አይቶ መመለስ ምርመራ አይደለም። ዛሬ በቤተ ሙከራ የሚሠሩ ባለሙያዎች ናሙና ሲወስዱ ከጆንያው አናት ብቻ ሳይሆን ከመካከልና ከሥር የሚያወጡት በዚሁ ምክንያት ነው። ሁለተኛው፣ የረጠበውን እህል መሸጥ አልተከለከለም፤ የተከለከለው መደበቁ ነው።

ከዚህ ሥር የሒስባ ተቋም በቀለ። ገበያን የሚቆጣጠረው ሹም ሙሕተሲብ ይባላል። ከሙሕተሲቦች መመሪያ መጻሕፍት መካከል ስመ ጥሩ የሆነው በ12ኛው መቶ ዘመን በሶርያ የኖረው የአሽ ሸይዘሪ ሥራ ነው። ስለ ዘዕፈራን ሲጽፍ አንዳንዶች የዶሮ ደረትና የበሬ ሥጋ ቀቅለው እንደ ክር ከተለተሉ በኋላ በዘዕፈራን ቀለም ነክረው እንደሚቀላቅሉት ያስጠነቅቃል። መለያውንም ይሰጣል፦ ጥቂቱ በኮምጣጤ ይነከር፤ ቢኮማተር ሥጋ ተቀላቅሎበታል። ኮምጣጤ አሲድ ነው፤ አሲድ የሥጋን ጭረት ይለውጣል፤ የአበባን ክር ግን እንደዚያ አያደርገውም። በዛሬ ቋንቋ ብንናገር ይህ የኬሚስትሪ ምርመራ ነው።

በዚያው መቶ ዘመን፣ በ1121፣ የዘዕፈራን አገር በሆነው በኾራሳን፣ በመርው ከተማ፣ አል ኻዚኒ የሚባል ሊቅ «ሚዛኑል ሒክማ» የተሰኘውን መጽሐፍ ጻፈ። የጥበብ ሚዛን ማለት ነው። ከእርሱ በፊት አል ቢሩኒ የማዕድናትን ክብደት በውሃ እየለካ ያገኘውን ዕውቀት አስፋፍቶ፣ አንድ ጌጥ ንጹሕ ወርቅ ይሁን ወይም ብር የተቀላቀለበት፣ ሳይቀልጥና ሳይሰበር የሚታወቅበትን ሚዛን ገለጸ። እንዲህ ያለው ሚዛን «ስንት ነው?» የሚለውን ብቻ ሳይሆን «ምንድን ነው?» የሚለውንም ይመልስ ነበር።

4. በእሳት የመቅጣት ሙከራ

በአውሮፓ ደግሞ የጀርመኗ ኑረምበርግ ከተማ የዘዕፈራን ተቆጣጣሪዎች ነበሯት። ቅጣቷ የከፋ ነበር። በ1444 ዮብስት ፊንዴከር የተባለ ነጋዴ ባዕድ ነገር ከቀላቀለበት ዘዕፈራን ጋር በእሳት ተቃጠለ። በ1456 ደግሞ በዚሁ ወንጀል የተከሰሱ ሰዎች ከነሕይወታቸው ተቀበሩ። ከ12 ዓመት በኋላ ሌሎች መገኘታቸው እሳቱ ብቻውን ማታለልን እንዳላቆመ ያሳያል።

5. የአባቶቻችን ርስት

አሁን ወደ ሀገራችን እንመለስ። በ19ኛው መቶ ዘመን የእናርያ ሲራራ ነጋዴዎች ጉድሩን አልፈው ዓባይን ተሻግረው፣ በየጁቤ አጠገብ በነበረው በባሶ ገበያ ይሰበሰቡ ነበር። በ1840ዎቹ መጀመሪያ በጎጃም የቆየው እንግሊዛዊ ቻርልስ ቢክ ስለዚህ ገበያ ጽፏል። ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ቡናና ወርቅ ወደ ሰሜን ያልፍ ነበር፤ መንገዱ በጎንደር በኩል እስከ ምጽዋ ይዘልቃል። ባሪያዎችም ይሸጡበት ነበር። ታሪክ ስናወሳ ይህንንም መደበቅ አይገባንም፤ የረጠበውን ከሥር ማድረግ ይሆንብናልና።

ከእነዚያ ነጋዴዎች ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ። ለምን? ከምክንያቶቹ አንዱ መሬት ነው። በድሮው ሥርዓት በክርስቲያናዊው ሰሜን የሚኖር ሙስሊም በአብዛኛው ከርስት የተከለከለ ነበር። በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በጎንደር የተደረገው ጉባኤ ደግሞ ሙስሊሞች ተለይተው እንዲኖሩ ወስኗል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ እስኪወጣ ድረስ የብዙ አባቶቻችን እንጀራ ሸማና ንግድ ነበር። እንግዲህ አስተውሉ! መሬት ያለው ሰው አንድ ዓመት ቢበላሽበት በሚቀጥለው ዓመት ያርሳል። ሚዛኑ ብቻ ያለው ሰው ግን ስሙ አንዴ ከተበላሸ የሚያርሰው ሌላ እርሻ የለውም። የአባቶቻችን ርስት ሚዛናቸው ነበር።

ምርመራም በዚያ ዘመን ያልታወቀ አልነበረም። ዝባድ በቀንድ ታሽጎ ይሸጥ ነበር። ዝባድ ከቅቤ ጋር ስለሚመሳሰል ቅቤ የሚቀላቅሉበት አልጠፉም፤ ስለዚህ ገዢው ቀንዱን አይቶ ብቻ አይገዛም። የማርትሬዛ ብርም ቢሆን ዝም ብሎ አይቆጠርም። 1780 የሚለው ዓመት የታተመበት ያ ጠገራ ብር ተገላብጦ ይታያል፤ በንግሥቲቱ ራስ ላይ ያሉት ዕንቁዎች በግልጽ ካልታዩ፣ ቢፋቅም ቢያረጅም፣ ባላገሩ አይቀበለውም። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ ዕንቁ ይቆጥር ነበር።

6. ኬሚስትሪ የጨመረው

በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ለንደን ውስጥ አርተር ሂል ሃሳል የተባለ ሐኪም የምግብ ሸቀጦችን በማጉያ መሣሪያ መመርመር ጀመረ። በተፈጨ ቀይ በርበሬ ውስጥ ያገኘው ቀይ የእርሳስ ዱቄትና የሜርኩሪ ማዕድን ነበር። ውጤቱን ከሻጮቹ ስም ጋር በጋዜጣ አወጣው። እንግሊዝ በ1860 የመጀመሪያውን አጠቃላይ የምግብ ማጭበርበር መከላከያ ሕግ ያወጣችው ከዚህ ጩኸት በኋላ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ትልቅ እመርታ ክሮማቶግራፊ ይባላል። በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ ሩስያዊው ሚኻይል ጽቬት የቅጠል ጭማቂን የኖራ ድንጋይ ዱቄት በሞላበት የብርጭቆ ቧንቧ ውስጥ ሲያፈስ፣ አረንጓዴው ቀለም ወደ አረንጓዴና ቢጫ ቀለበቶች ተከፋፈለ። ነገሩን ለመረዳት ጥቁር ቀለም የነካው ወረቀት ጫፉ ውሃ ሲነካ አስቡ፤ ጥቁሩ ወደ ሰማያዊና ቀይ ይበታተናል። አንድ የመሰለን ብዙ ነበር ማለት ነው። በዚህ ዘዴ የተቀላቀለ ነገር እያንዳንዱ ክፍል በየራሱ ፍጥነት ይጓዝና ለየብቻው ይደርሳል።

የዘዕፈራን ምስጢርም ተፈታ። ቀለሙን የሚሰጠው ክሮሲን፣ ምሬቱን የሚሰጠው ፒክሮክሮሲን፣ ሽታውን የሚሰጠው ደግሞ ክሩ ሲደርቅ የሚወለደው ሳፍራናል ነው። በ1937 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ፖል ካረር ከመረመራቸው የዕፅዋት ቀለማት አንዱ የዘዕፈራን ቀለም ነበር። የአባቶቻችን ዝባድም ተመርምሯል፤ የሽታውን ዋና ንጥረ ነገር አሠራር በ1926 የገለጸው ሊዮፖልድ ሩዢችካ በ1939 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል።

ዛሬ ዘዕፈራን የሚመዘንበት ዓለም አቀፍ ደረጃ ቁጥር 3632 የሚባለው ነው። ሥራው እንዲህ ነው፦ የተፈጨው ዘዕፈራን በልክ ተመዝኖ በውሃ ይዘፈዘፋል፤ ይጠራል፤ ከዚያ ስፔክትሮፎቶሜትር በሚባል መሣሪያ ብርሃን ያልፍበታል። መሣሪያው ምን ያህል ብርሃን እንደተዋጠ ይለካል። በ440 ናኖሜትር ላይ የሚዋጠው የቀለሙን፣ በ257 የምሬቱን፣ በ330 የሽታውን መጠን ያመለክታል። በ2011 በወጣው ደረጃ አንደኛ የሚባለው ዘዕፈራን የቀለሙ ቁጥር ከ200 ማነስ የለበትም፤ ሦስተኛው ከ120። የፕሊኒ ጣት «ይንኮሻኮሻል» ይል የነበረውን መሣሪያው በቁጥር ይናገራል።

7. መሣሪያውም ይታለላል

ታዲያ በዚህ አበቃ? አላበቃም። መሣሪያው የሚለካው ቢጫነትን ነው እንጂ የቢጫውን ስም አይደለም። በ2011 የታተመ የጣሊያን ተመራማሪዎች ሥራ እንዳሳየው፣ በዘዕፈራን ውስጥ እስከ 20 በመቶ ሱፍ ወይም ኢርድ ቢቀላቀል የተለመደው የብርሃን ልኬታ ላያውቀው ይችላል። ክሮማቶግራፊን ከሞለኪውል መመዘኛ መሣሪያ ጋር ሲያጣምሩ ግን 5 በመቶ ሱፍና 2 በመቶ ኢርድ እንኳ ተለየ።

ሐሰተኛው ምርመራውን አይቶ ይለወጣል። ክብደት ሲመዘን ክብደት ይጨምራል፤ ቀለም ሲለካ ቀለም ይጨምራል። ምርመራ ምንጊዜም ከኋላ የሚከተል ነው፤ የሚያገኘውም የፈለገውን ብቻ ነው። ያልፈለገው በፊቱ ያልፋል።

8. ከዘዕፈራን ወደ በርበሬ

ምናልባት ከእናንተ አንዱ «እኛ ዘዕፈራን የት አግኝተን?» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ አብዛኞቻችን ዘዕፈራን አንበላም። በርበሬ ግን በየቀኑ እንበላለን። ቡሬና ፍኖተ ሰላም በበርበሬ ምርታቸው የታወቁ አገሮች ናቸው፤ ገበያችንም ከዚሁ ጋር የተሳሰረ ነው። በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት፣ በቅቤ ውስጥ ሙዝ፣ በጤፍ ዱቄት ውስጥ ጄሶ ተገኘ የሚል ዜና በሀገራችን ራዲዮና ጋዜጣ ደጋግመን ሰምተናል።

ሸክላውን መለየት ከባድ አይደለም። በቤት ውስጥ አንድ ማንኪያ ድልህ ያልሆነ ደረቅ በርበሬ በብርጭቆ ውሃ ቢበተን፣ አፈርና ሸክላ ከሆነ ቶሎ ወደ ሥር ይዘቅጣል። በቤተ ሙከራ ደግሞ በርበሬው በጋለ ምድጃ ይቃጠላል። የተክሉ አካል ተቃጥሎ ጥቂት አመድ ይተዋል፤ አፈር ግን አይቃጠልም። አመዱ በአሲድ ታጥቦ የሚቀረው ይመዘናል፤ ከልኩ ካለፈ በርበሬው አፈር አለበት ማለት ነው።

አስቸጋሪው ቀለም ነው። በ2003 ፈረንሳይ ውስጥ ከውጭ በገባ የተፈጨ በርበሬ ሱዳን 1 የሚባል ቀይ ቀለም ተገኘ። ስሙ ነው እንጂ ከጎረቤታችን አገር ጋር አይገናኝም፤ ለሰምና ለጫማ ቀለም የሚውል ነው፤ በእንስሳት ላይ በተደረገ ሙከራ ካንሰር ማምጣቱ ስለታየ በምግብ ውስጥ የተከለከለ ነው። በ2005 በእንግሊዝ ከ400 በላይ የምግብ ዓይነቶች በዚሁ ምክንያት ከሱቅ ተሰብስበዋል። ይህን ቀለም በብርጭቆ ውሃም በዘይትም መለየት አይቻልም፤ የንጹሕ በርበሬ ቀለምም በዘይት ውስጥ ይሟሟልና። ክሮማቶግራፊ ያስፈልገዋል።

ከሁሉ የከፋው እርሳስ ነው። ያዙልኝ ያልኋችሁ ነጥብ እዚህ ላይ ይመጣል። ዲዮስቆሪዲስ ከጻፈ ከ1900 ዓመት በላይ አልፎ፣ በባንግላዴሽ የደረቀ የኢርድ ሥር ደማቅ ቢጫ እንዲሆን የእርሳስ ክሮሜት የሚባል የፋብሪካ ቀለም ሲጨመርበት ተገኘ። እርሳስ በልጆች አእምሮ ላይ የማይመለስ ጉዳት ያደርሳል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የሌለው ልክ እንደማይታወቅ ያስተምራል። እናት ለልጇ ወጥ ስታሳምር ሳታውቅ አእምሮውን ታደበዝዛለች ማለት ነው።

ነገር ግን የባንግላዴሽ ታሪክ በሐዘን አላለቀም። በ2019 ተመራማሪዎች ውጤቱን ይፋ ሲያደርጉ መንግሥት በጋዜጣ አስጠነቀቀ፤ ተቆጣጣሪዎች በእጅ የሚያዝ ኤክስሬይ መመርመሪያ ይዘው በዋና ከተማው ትልቅ የቅመማ ቅመም ገበያ ገቡ፤ ጥፋተኞች ተቀጡ። ከሁሉም በላይ ነጋዴዎቹ ራሳቸው ቀለሙ መርዝ መሆኑን አወቁ፤ ብዙዎቹ አያውቁም ነበር። በ2019 ከገበያው ናሙና 47 በመቶው እርሳስ ነበረበት፤ በ2021 ግን አንድም አልተገኘም። የኑረምበርግ እሳት ያልሠራውን በሁለት ዓመት ሠሩት፤ ምርመራ፣ ሕግና ማስተማር ስለተባበሩ ነው።

9. እኛስ ምን እናድርግ?

በሀገራችንም ሕጉ አለ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዓ.ም. ባዕድ ነገር የተቀላቀለበትን ምግብ ይከለክላል። ምርመራ የሚያደርጉ ተቋማትም አሉ፤ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትን መጥቀስ ይቻላል። እኛ ግን በየቤታችንና በየሱቃችን የምንችለውን እንጀምር፦

ሀ) ገዢዎች ሆይ፣ በርበሬ በዛላው፣ ኢርድ በሥሩ ግዙ፤ ራሳችሁ አስፈጩ። ያልተፈጨ ነገር በአብዛኛው ራሱን ይናገራል፤ የኢርድ ሥር ግን ላዩ ቀለም ሊቀባ ይችላል። ዘዕፈራንም ከገዛችሁ ክሩን እንጂ ዱቄቱን አትግዙ።

ለ) ዋጋው ከገበያው እጅግ የረከሰ ነገር ስታገኙ ደስ ከመሰኘታችሁ በፊት እጃችሁን ወደ ክምሩ ሥር አስገቡ።

ሐ) ጥርጣሬ ካላችሁ ስም ለማጥፋት አትቸኩሉ። ናሙናውን ንጹሕ ዕቃ ውስጥ አድርጋችሁ፣ የገዛችሁበትን ቀን ጽፋችሁ ለሚመለከተው አካል አቅርቡ። ያልተረጋገጠ ወሬም ባዕድ ነገር ነው፤ የሰውን ስም ያበላሻል።

መ) ነጋዴዎች ሆይ፣ ሱፍን ሱፍ ብላችሁ ሽጡ። ሱፍ ሐላል ነው፤ ቀለሙም ያማረ ነው። ሐራም የሚያደርገው «ዘዕፈራን» የሚለው ስም ነው። የደረጃ ሁለት በርበሬ ያለው ደረጃ ሁለት ይበል፤ የረጠበ ያለው የረጠበውን ከላይ ያድርግ። ገዢው አውቆ ከወሰደ በዋጋው ተስማምታችኋል፤ ሳያውቅ ከወሰደ ግን ከእርሱ ላይ የወሰዳችሁት ገንዘብ ብቻ አይደለም።

ሠ) ወላጆች ሆይ፣ ኬሚስትሪ የሚማሩ ልጆቻችሁን አበረታቱ። በቤተ ሙከራ ቆሞ በርበሬ የሚመረምር ልጅ በዚህ ዘመን የሙሕተሲቡን ሥራ ይሠራል።

መሣሪያው ከኋላ ይከተላል ብያለሁ። ከፊት የሚሄደው ምንድን ነው ብትሉኝ፣ በር ተዘግቶ፣ ተቆጣጣሪ ሳይኖር፣ አንድ ሰው ጆንያውንና ሸክላውን ይዞ ብቻውን በቆመበት ሰዓት እጁን የሚይዘው ነገር ነው። ለዚያ ሰዓት ስፔክትሮፎቶሜትር የለም። የሹዐይብ (ዐ.ሰ.) ሕዝቦች፣ የመድየን ሰዎች፣ የተገሠጹት በስፍርና በሚዛን ነበር፤ በቁርኣንም ስለ ሚዛን አጉዳዮች የወረደች ሱራ አለች። አባቶቻችን ባሶ ገበያ ላይ ቀንድ ሙሉ ዝባድ ይዘው ሲቀመጡ ይህን ያውቁ ነበር።

የእናቴን ቆርቆሮ አልጣልሁትም። ባለፈው መከር ግን ከማሳው ዳር የሱፍ አበባ ለቅሜ፣ በጥላ አድርቄ፣ በሌላ ቆርቆሮ አኖርሁ። በላዩ ላይ «ሱፍ» ብዬ ጻፍሁበት። የዒድ ዕለት ልጆቼ ከሩዙ ላይ ሲነሰንሱት እንግዳ መጥቶ «ዘዕፈራን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ትንሿ ልጄ ቀድማኝ «አይደለም፣ ሱፍ ነው» አለችው። እንግዳውም በልቶ አመሰገነ።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።